ከክንፉ ሥር ስለቆሙት ሰዎች፦ ስለ አስመራው ፊያት ታሊዬሮ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአስመራ ከተማ የቅርስ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት፣
እንዲሁም አስመራ ለኖርንና የከተማዋን ወግ በአማርኛ ለምንተርክ ሁሉ

ጉዳዩ፦ በፊያት ታሊዬሮ ነዳጅ ማደያ ደጃፍ የሕንፃው ሙሉ ታሪክ እንዲጻፍ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣ የተከበራችሁ አንባቢያን፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ልጅነቴን በአስመራ ያሳለፍኩ፣ ከዚያም ከሠላሳ ዓመት በላይ አዲስ አበባ ውስጥ የግንባታ ሙያ ሳስተምር የኖርኩ ጡረተኛ መምህር ነኝ። የምጽፈውም ስለ አንድ ሕንፃ ነው። ሕንፃው ወደ አውሮፕላን ማረፊያ በሚወስደው ጎዳና ዳር ክንፉን ዘርግቶ የቆመው ፊያት ታሊዬሮ ሲሆን፣ ስለ እሱ ለብዙ ዓመታት ስናወራው የኖርነው ታሪክ ከእውነቱ ያነሰ መሆኑን ዘግይቼ ስለተረዳሁ፣ በአንድ በኩል ከእናንተ የምጠይቀው፣ በሌላ በኩል ደግሞ እኔን ለመሰሉ ሰዎች የማሳስበው ነገር አለኝ።

ሕንፃውን ላላያችሁ አንባቢያን ጥቂት ልግለጸው። መሐሉ እንደ አውሮፕላን አፍንጫ ወደ ፊት የወጣ፣ በዙሪያው መስኮት የታጠቀ ክፍል ነው፤ ቢሮውና የገንዘብ መቀበያው እዚያ ነበሩ። ከጣሪያው በላይ ግንቡ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ከግራና ከቀኝ ደግሞ እያንዳንዳቸው 15 ሜትር የሚረዝሙ ሁለት የአርማታ ክንፎች ተዘርግተዋል። ከክንፎቹ ሥር አንድም ምሰሶ የለም። መኪና ከየትኛውም ወገን ገብቶ፣ ከጥላው ሥር ቤንዚኑን ቀድቶ፣ ምንም ሳይነካ ይወጣል። ሕንፃው የተጠናቀቀው እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1938 ነው፤ በእኛ 1930 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ንድፉን ያወጣው ጁሴፔ ፔታዚ የተባለ ጣሊያናዊ መሐንዲስ ነበር።

አባቴ ኤንትሬ የሚባለው የፊያት ጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከ1959 ዓ.ም. ጀምሮ ቤተሰባችን አስመራ ኖሯል፤ እሱ ከምፅዋ ወደብ ጭነት እያነሣ ሽቅብ ወደ ደጋው ሲያወጣ፣ ከአስመራም ወደ መሐል አገር ሲወርድ፣ እኛ የምናየው በወር ጥቂት ቀን ብቻ ነበር። በእረፍቱ ቀን እጄን ይዞ በእግር ከሚወስደኝ ቦታዎች አንዱ ይህ ማደያ ነው። ለእሱ ፊያት ማለት እንጀራው ነበረና ስሙን በግንቡ ላይ ሲያይ ባርኔጣውን ከፍ ያደርግ ነበር። እኔ ግን የማየው አውሮፕላኑን ነበር። ከቀኙ ክንፍ ሥር ቆሜ ጣሪያውን ቀና ብዬ እያየሁ፣ «አሁን ቢነሣስ?» እያልኩ ልቤ ይመታ እንደነበር አስታውሳለሁ። በጥር 1967 ዓ.ም. ከተማዋ ውስጥ ውጊያ ከተነሣ በኋላ ቤተሰባችን ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ፣ ከአስመራ ይዘን ከወጣነው ጥቂት ነገር መካከል አባቴና እኔ ከዚያ ክንፍ ሥር ቆመን የተነሣነው ፎቶግራፍ ይገኝበታል።

ሽጉጡን በተመለከተ የሚነገረውን ወግ የሰማሁትም ያኔ፣ ከአባቴ አፍ ነው። አስመራን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ክንፎቹ አርማታቸው ፈስሶ ከደረቀ በኋላ ሥራ ተቋራጩ የእንጨት ድጋፎቹን ለመንቀል ፈራ፤ ይወድቃል አለ። መሐንዲሱ ፔታዚ ሽጉጡን አወጣ። ከዚህ በኋላ ወጉ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዳንዱ ተራኪ ሽጉጡን ወደ ሥራ ተቋራጩ ራስ ያዞረዋል፤ ሌላው ደግሞ መሐንዲሱ በገዛ ራሱ ላይ ደግኖ «ክንፉ ከወደቀ እኔም እሞታለሁ» እንዳለ ያወራል። ድጋፎቹ ተነቀሉ፤ ክንፎቹም ቆሙ። እስከ ዛሬም ቆመዋል።

ይህን ወግ ለተማሪዎቼ ያልነገርኩበት ዓመት የለም። ያለ ምሰሶ ወደ አየር ስለሚዘረጋ አርማታ፣ በሙያው ካንቲሊቨር ስለምንለው አሠራር ባስተማርኩ ቁጥር መግቢያዬ ፔታዚና ሽጉጡ ነበሩ። ተማሪው ነቅቶ ያዳምጣል፤ ትምህርቱም ይገባዋል። አንድ ሰው በሙያው ላይ ያለው መተማመን እስከምን ድረስ እንደሚሄድ ማሳያ አድርጌ አቀርበው ነበር።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሃያ ዓመት በኋላ ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ወደ አስመራ መብረር ሲጀምር፣ እኔም ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ከአርባ ዓመት በላይ ያላየኋትን ከተማ ለማየት ሄድኩ። በማግሥቱ ማለዳ በእግሬ የደረስኩት እዚያው ማደያ ዘንድ ነው። ያረፍኩበት ቤት ዘመድ የሆኑ፣ ዕድሜያቸውን በግንባታ ሥራ የጨረሱ አንድ አዛውንት አብረውኝ መጥተው ነበር፤ እኔም እንደ አገሩ ልማድ አቦይ እላቸው ነበር። እንደ ልማዴ የሽጉጡን ወግ አነሣሁባቸው። አቦይ በጥሩ አማርኛ፣ ረጋ ብለው፣ «ወንድሜ፣ አንተ የሙያው ሰው ነህ፤ ሽጉጥ የያዘው ሰውዬ ከውጭ ቆሞ ነበር እንበል፤ ድጋፉን የሚነቅሉትስ የት ቆመው ነበር?» አሉኝ።

መልስ አጣሁ። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት ትምህርት መልሱን ይዞት ሳለ፣ እኔ ግን ጥያቄውን አንድ ቀን እንኳ አንሥቼው አላውቅም ነበር።

ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው። በመጀመሪያ ወረቀቱ ምን ይላል? በአስመራ ማዘጋጃ ቤት መዝገብ ቤት በጣሊያን ዘመን ለግንባታ ፈቃድ የቀረቡ ንድፎች ተጠብቀው መቆየታቸው ከተማዋን በአፍሪካ ብርቅ ካደረጓት ነገሮች አንዱ ነው። እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ2001 የፊያት ታሊዬሮ የመጀመሪያ ንድፍ ሲገኝ፣ ከክንፎቹ ሥር ደጋፊ ምሰሶዎች ተስለውበት ታይተዋል። የዘመኑ ባለሥልጣናት ክንፎቹ በምሰሶ እንዲደገፉ ይጠይቁ ነበርና፣ ለፈቃድ የቀረበው ወረቀት ምሰሶ አለው፤ የተሠራው ሕንፃ ግን ምሰሶ የለውም። በእኔ አስተያየት የሕንፃው እውነተኛ ምሥጢር ይህ ነው፤ ከሽጉጡም ይልቅ ያስደንቀኛል። በወረቀቱና በግንቡ መካከል ክርክር እንደነበር ንድፉ ራሱ ይመሰክራል። ሽጉጡ ግን በወረቀት ላይ የሰፈረ ሳይሆን በሰው አፍ የኖረ ነው፤ በአፍ የኖረ ነገር ሁሉ ሐሰት ነው ባይባልም፣ በወረቀት ከተመሰከረው ጋር እኩል ተደርጎ ሊነገር አይገባውም።

ቀጥሎ ሙያው ምን ይላል? አርማታ ሲጫኑት ይችላል፤ ሲስቡት ግን ይሰነጠቃል። በሁለት ጫፍ ድጋፍ ያለው ሶሌታ፣ ማለትም ጠፍጣፋ የወለል ወይም የጣሪያ አርማታ፣ ሲጫነው ወደ መሐል ስለሚጎብጥ የሚሳበው የታችኛው ፊቱ ነው፤ በአርማታው ውስጥ የሚቀበረው ብረት፣ ፌሮውም፣ ወደ ታች ይቀመጣል። በአንድ ወገን ብቻ ተይዞ ወደ አየር የተዘረጋ ክንፍ ግን በተቃራኒው ነው፤ ጫፉ ወደ ታች ሲከብድ የሚሳበው የላይኛው ፊቱ ነው፤ ስለዚህ ዋናው ፌሮ ከላይ መሆን አለበት። አርማታ በሚፈስስበት ሰዓት አንድ ሠራተኛ በግድየለሽነት ፌሮውን ረግጦ ወደ ታች ቢያሰምጠው፣ የመሐንዲሱ ስሌት የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን ክንፉ አይቆምም። በሁለት ወገን የተዘረጉ ክንፎች አንዱ የሌላውን ክብደት በመሐሉ በኩል ስለሚያመዛዝኑ ንድፉ ብልሃት አለበት፤ ሆኖም ብልሃቱን እውነት ያደረገው የፌራዮው፣ ብረቱን የሚያስረው ሠራተኛ፣ እጅ ነው።

ድጋፍ መንቀልም ቢሆን ወጉ እንደሚያስመስለው የአንድ አፍታ ሥራ አይደለም። አርማታው ጉልበቱን እስኪይዝ ድረስ ውኃ እያጠጡ ቀናትና ሳምንታት ይጠብቁታል፤ በዛሬው የሙያ ልማድ የሙሉ ጥንካሬው መለኪያ 28 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ እንዲህ ባለ ክንፍ ድጋፉ የሚነቀለው ከጫፉ ተጀምሮ ወደ ሥሩ በመቅረብ ነው፤ አለበለዚያ ጫፉ ተይዞ መሐሉ ይለቀቅና አርማታው ባልታሰበለት ቦታ ይሰነጠቃል። እንግዲህ 15 ሜትር ርዝመት ባለው ክንፍ ሥር፣ ከጫፍ እስከ ሥር፣ እያንዳንዱን እንጨት በመዶሻ እየመቱ የሚያወጡ ሰዎች መግባታቸው የግድ ነው። አንዱ እንጨት በወጣ ቁጥር በራሳቸው ላይ ያለው ክብደት ይጨምራል። ክንፉ ቢወድቅ የሚወድቀው በእነሱ ላይ ነበር። ሽጉጥ ነበረም አልነበረም፣ በዚያ ቀን ሕይወታቸውን በእርግጥ በስሌቱ ላይ ያስያዙት እነዚህ ሰዎች ናቸው፤ እኛ ግን ስማቸውን ሳንጠይቅ ሰማንያ ዓመት የአንድ ሰው ጀግንነት አወራን።

የተሠራበትን ዘመን ማስታወስም ያስፈልጋል። የፋሺስት ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻግሮ ኢትዮጵያን ሲወር መነሻው ኤርትራ ነበረች፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባም ስንቁና ጥይቱ የሚመጣለት በምፅዋና በአስመራ በኩል ነበር። ለጦሩ ተብሎ መንገድ ተሠራ፤ በመንገዱ የጭነት መኪና ጎረፈ፤ ለመኪናው ጋራዥና ማደያ አስፈለገ። አስመራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲያ ያበጠችው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1939 በተደረገው ቆጠራ ከ98,000 ነዋሪዎቿ 53,000 ያህሉ ጣሊያኖች ነበሩ። የዚህ ማደያ ክንፍም ከዚያው ጦርነት የተወለደ ነው። አውሮፕላን በዚያን ጊዜ ለሮማ ባለሥልጣናት የአዲስ ዘመን ምልክት ነበር፤ በማይጨውና በተንቤን ለነበረው ገበሬ ግን መርዝ ከሰማይ የሚያዘንብ ፍጥረት ነበር። ይህን የምለው ሕንፃውን ለማጥላላት አይደለም፤ እኔ ራሴ ከሥሩ ቆሜ ያደግሁ ነኝና እወደዋለሁ። ነገር ግን በአውሮፕላን መልክ የተሠራን ቤት ሳደንቅ ያ አውሮፕላን በእኔ ወገን ላይ ምን ሲሠራ እንደነበር ከደጃፉ ላይ ባነብብ ኖሮ ውበቱ አይጎድልብኝም ነበር።

ከተማዋም ለሁሉም እኩል አልነበረችም። የዘር መለያየት ሕግ ነበረ፤ ኤርትራዊው የሚኖርበት ሰፈር ተለይቶ ነበር፤ ምርጥ በተባለው ክፍል ለሥራ ይገባል እንጂ እንደ ነዋሪ አይዝናናበትም ነበር። የከተማዋን ዋና ጎዳና ዛሬም በፍቅር የምንጠራበት ኮምቢሽታቶ የሚለው ስም የታጠረ ሜዳ ከሚል የጣሊያንኛ ሐረግ እንደመጣ ይነገራል። በግንባታው ሥራ ጣሊያናዊ ሙያተኛም ኤርትራዊ ሠራተኛም ነበረ፤ ደመወዛቸውም ክብራቸውም አንድ አልነበረም። ሆኖም ሙያው ተላልፏል። ዛሬ በአዲስ አበባ አንድ ወጣት ግንበኛ አርማታ፣ ፌሮ፣ ሶሌታ ሲል የሚናገራቸው ቃላት ሁሉ ጣሊያንኛ ናቸው፤ ከጣሊያን መጽሐፍ ያነበባቸው ግን አይደለም። እንደ አቦይ ያሉ ሰዎች አባቶቻቸው በየሥራው ቦታ ከአፍ ለቅመው፣ በእጃቸው አረጋግጠው፣ ለልጅ ያቀበሏቸው ናቸው። በአቦይ ጥያቄ ውስጥ የነበረው ዕውቀትም ያ ነው።

ከዚህ በመነሣት የጽሕፈት ቤቱን ኃላፊዎች የምጠይቀው ይህን ነው። አስመራ ሐምሌ 1 ቀን 2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች፤ ለዚያ ያበቃት የእናንተ ባለሙያዎች ለዓመታት በመዝገብ ቤቱ ውስጥ አቧራ ሲያራግፉ፣ ንድፍ ሲለዩና ሲመዘግቡ ያሳለፉት ልፋት መሆኑን የሙያው ሰው ሁሉ ያውቃል። ያን ልፋት ከመዝገብ ቤቱ አውጥታችሁ ለመንገደኛው አሳዩት። በማደያው ደጃፍ፣ ሕንፃውን በማይጎዳ መንገድ፣ የመጀመሪያው ንድፍ ቅጂ ከነምሰሶዎቹ ይቀመጥ፤ መንገደኛው ንድፉን አይቶ ቀና ሲልና ምሰሶ የሌለውን ክንፍ ሲያገኝ የሚሰማውን ማንም ተራኪ ሊሰጠው አይችልም። የሽጉጡ ወግም አይሰረዝ፤ በሕዝብ አፍ የሚነገር ወግ መሆኑ ተገልጾ ይጻፍ። ድጋፍ የሚነቀለው እንዴት እንደሆነ፣ ከሥር ማን እንደሚቆም ሁለት መስመር ይሰጠው። በመዝገብ ቤቱ ከሚገኙ የሥራ ተቋራጮች ወረቀቶች መካከል የሠራተኞች ዝርዝር ወይም የደመወዝ ወረቀት የሚገኝ ከሆነ፣ ስማቸው ከፔታዚ ስም ጎን ይስፈር። የተሠራበት ጦርነትም በስሙ ይጠራ።

እንዲህ ያለ ጽሑፍ በትግርኛም ሆነ በዓረብኛ ቢጻፍ ለእኔ ልዩነት የለውም፤ ከተማዋ የባለቤቶቿ ናትና በቋንቋቸው ይናገሩት። እኛ አማርኛ የምንጽፍ ሰዎች ድርሻችን ሌላ ነው። በአስመራ የኖርን ወይም ያለፍን ብዙ ነን፤ መምህር፣ ሹፌር፣ ነጋዴ፣ ወታደር፣ የእነዚህም ልጆች። ስለ ከተማዋ ስንጽፍ ስለ ማኪያቶው፣ ስለ ዘንባባው፣ ስለ ጽዳቱ እንጽፋለን፤ ወደ ፊያት ታሊዬሮ ስንደርስ ደግሞ ሽጉጡን እናወጣለን። ከእንግዲህ ያን ወግ ስናወራ ከክንፉ ሥር የነበሩትን ሰዎች ሳናነሣ አንለፍ ብዬ እለምናችኋለሁ። እኔ ያስተማርኳቸውን ተማሪዎች ሁሉ አግኝቼ ልነግራቸው አልችልም፤ ይህ ደብዳቤ የሚደርሳቸው ካሉ ግን፣ ያን ጊዜ የነገርኳችሁ ጎዶሎ ነበርና በዚህ ሙሉት።

ሁለተኛው ልመናዬ ስለ ፎቶግራፍ ነው። በዚህ ሕንፃ ፊት የተነሣ ሥዕል በየቤታችሁ አልበም ውስጥ ይኖራል ብዬ አምናለሁ፤ በዘመኑ አስመራ የሄደ ሰው እዚያ ሳይነሣ አይመለስም ነበር። ከሰዎቹ ጀርባ የሚታየው ግንብ፣ በላዩ ላይ የተጻፈው ስም፣ የቆመው መኪና፣ የቀለሙ ሁኔታ፣ ሕንፃው በየዘመኑ ምን እንደነበረ ለሚያጠና ሰው ሁሉ ማስረጃ ነው። ከጀርባው ቀኑን ጻፉበት፤ በሥዕሉ ያሉት ሰዎች እነማን እንደሆኑና ምን ይሠሩ እንደነበር ጨምሩበት፤ ጥሩ ቅጂ አንሡና አስቀምጡት። ጽሕፈት ቤቱ የሚቀበልበትን መንገድ ሲያስታውቅ የምንልከው ዝግጁ ሆኖ ይቆይ።

የእኔን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። የተነሣው በ1964 ዓ.ም. ነው። በግራ በኩል የሚታየው ረጅሙ ሰው አባቴ ነው፤ ባርኔጣውን በእጁ ይዟል። ቀና ብዬ ክንፉን የማየው ልጅ እኔ ነኝ። በስተኋላችን፣ ከጥላው ጫፍ ላይ፣ ቱታ የለበሰና ፊቱን ወደ እኛ ያዞረ አንድ የማደያው ሠራተኛ ይታያል። አባቴ በሕይወት ሳለ ማን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ከአስመራ ነዋሪዎች የሚያውቀው ሰው ካለ ስሙን ከሥዕሉ ጀርባ መጻፍ እፈልጋለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

የቀድሞ የግንባታ ሙያ መምህር
አዲስ አበባ